በአገራችን ተራራ በረዶ ነበረ ወይ?

በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስናስተምር አንድ ቀን «በረዶ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ጻፍን። ከዚያም «ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ በሩቅ አገር ነው፤ በእኛ አገር ኖሮ አያውቅም» አልን። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የስሜን ሰው እጃቸውን አነሡ።

«ልጆቼ፣ እኛ ዘንድ በኅዳር ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ራስ ዳሽን ላይም አመዳይ ይጥላል። ድሮስ እንዴት አልነበረም ትላላችሁ?»

አፈርን። መልስ አልነበረንም። ሄደን መጻሕፍት አገላበጥን። ለካስ እውነቱ ከእሳቸው ጋር ኖሯል።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ደመና በሌለበት ሌሊት የመሬቱ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ያን ጊዜ ገብሱን የሚመታው ውርጭ ነው። ከፍ ባለ ተራራ ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደው አመዳይ ነው። አመዳዩ ሳይቀልጥ ዓመት በዓመት ላይ ከተከመረ በራሱ ክብደት ይጠጥራል። ቀስ እያለም ቁልቁል ይንሸራተታል። ይህ የበረዶ ግግር ይባላል።

ዛሬ በኢትዮጵያ የበረዶ ግግር የለም። ግን ነበረ። ባሌ ተራሮች ላይ ግግሩ እየገፋ ያመጣው ድንጋይ ተከምሮ ይታያል። ሊቃውንት ድንጋዩን መርምረው፣ ከበረዶ ሥር ወጥቶ ሰማይ ካየ ስንት ዘመን እንደሆነው ያሰላሉ። በባሌ ግግሩ በጣም ሰፍቶ የነበረው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ነው።

እዚያው በሳነቴ አምባ ድንጋዮች በመስመር ተሰልፈው ይገኛሉ። አንዳንዱ መስመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል። ሰው ያሰለፋቸው ይመስላል፤ አይደለም። በጥንቱ ብርድ መሬቱ በጥልቀት ሲረጋና ሲፈታ ድንጋዩን ከአፈሩ ለየው። ዛሬስ? ተመራማሪዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 እስከ 2020 በመሬቱ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ቀብረው ነበር። የመሬቱ ሙቀት በአማካይ 11 ዲግሪ ያህል ሆኖ ተገኘ። ውርጩ ላይ ላዩን ብቻ ነው።

የስሜንም ነገር ቢሆን ያስገርማል። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ወደብ ድል ያደረጋቸውን አገሮች በድንጋይ ላይ አስጽፎ ነበር። ስሜንን ሲያነሣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ይናገራል። ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ይህን ጽሑፍ የገለበጠው የዛሬ 1,500 ዓመት ገደማ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ግግር እስካሁን አለ፤ ግን እያለቀ ነው። የታንዛኒያው ኪሊማንጃሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1912 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከመቶ እጅ 85ቱን አጥቷል። የግግሩ መሳሳት አለካክ ቀላል ነው። በግግሩ ውስጥ ረጅም ዘንግ ይተክላሉ። በዓመቱ ተመልሰው ዘንጉ ስንት ክንድ ከበረዶው ብቅ እንዳለ ያያሉ።

ይህን ሁሉ ለክፍሉ ስናነብ ሽማግሌው ዝም ብለው አዳመጡ።

«የእኛን ውርጭስ ማን ይለካል?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ከአገሬ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ውርጩ ቀርቶ ይሆናል፤ ብሶም ይሆናል። ገብሱን የሚዘራው ልጄ ነው።»

በማግስቱ ወረቀት ጠየቁን። በገዛ እጃቸው የመጀመሪያ ደብዳቤያቸውን ጻፉ። አምስት መስመር ነበረች። «ውርጭ የጣለበትን ሌሊት ሁሉ ቀኑን ጻፍልኝ። ገብሱን የመታበትን ለይተህ ምልክት አድርግበት። መጻፍ ካልቻልህ ግን በግድግዳው ላይ በከሰል ጭረት አድርግ፤ ስመጣ እኔ እቆጥረዋለሁ።»