የተዋጊ አይሮፕላን ልጓም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 1974 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ፣ ዋይ ኤፍ 16 የተባለ አዲስ አይሮፕላን በሜዳው ላይ እንዲንደረደር ብቻ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይዋልል ጀመር፤ ጅራቱም መሬት ነካ። አብራሪው ፊል ኦስትሪከር እዚያው ከመከስከስ መነሣት ይሻላል ብሎ አስነሣውና 6 ደቂቃ ያህል በርሮ በደኅና አሳረፈው። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም፤ መሪውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሥርዐት ለእጅ ንክኪ ከልክ በላይ ፈጣን ሆኖ ስለ ተሠራ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞው አይሮፕላን የአብራሪው እጅ ከክንፉና ከጅራቱ ጋር በሽቦና በዘንግ የተያያዘ ነበር። ስለዚህ የጥንካሬን ደንብ የሚያወጡ መሐንዲሶች፣ አብራሪው መሪውን በድንገት እስከ መጨረሻው ቢስብ ምን ያህል ጭነት ይደርሳል ብለው ያሰሉ ነበር። በኤፍ 16 ግን እጅ የሚያዝዘው ኮምፒዩተሩን ነው። አብራሪው የቱንም ያህል ቢስብ ከ9 ጂ፣ ማለት ከመሬት ስበት 9 እጥፍ፣ እንዳያልፍ ኮምፒዩተሩ ይገታዋል። በ9 ጂ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 630 ኪሎ የሆነ ያህል ይሰማዋል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የቆየው ደንብ አይሮፕላኑ በአገልግሎት ላይ ከሚደርስበት ከፍተኛ ጭነት 1.5 እጥፍ ሳይሰበር እንዲችል ያዝዛል፤ ለ9 ጂ 13.5 ጂ ማለት ነው። ልጓም ካለ ይህ ትርፍ ጥንካሬ ለምን ያስፈልጋል? ቢቀነስ አይሮፕላኑ ቀለል ይል የለምን?

መልሱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኮምፒዩተሩ የሚገታው ጂውን እንጂ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ጭነት አይደለም። አይሮፕላኑ እየተገለበጠ ሽቅብ ሲጎተት በጅራቱ ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው፤ በክንፉ ሥር ቦምብ ሲንጠለጠል ሌላ ነው። የኤፍ 16 አብራሪ ከባድ ጭነት ሲይዝ ልጓሙን የሚያጠብቀውን ቁልፍ በገዛ እጁ የሚለውጠውም ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ ያ ትርፍ የብረቱን ጉድለትና የሠራተኛውን ስሕተት ጭምር ይሸፍናል፤ ይህን ደግሞ ኮምፒዩተሩ አያውቀውም።

የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም በተለወጠ ቍጥርም ጭነቱ ሊለወጥ ይችላል። ክንፉ ያው ክንፍ ነው፤ የሚደርስበት ግን ያው አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፈውና የክንፉን ጥንካሬ የሚያሰላው በየቢሮአቸው ተዘግተው ሊሠሩ አይገባም፤ አንዱ አንድ ቍጥር ሲለውጥ ሌላው ሒሳቡን እንደገና መመርመር አለበት።

ጥሩ ልጓም ያለው ፈረስም ቢሆን አጥንቱ ጠንካራ ሊሆን ይገባል። ልጓም የሚበጠስበት ቀን አይታወቅምና።