ከቻናሌ የጠፋው ማስታወቂያ የት ሄደ?

ሰሞኑን እዚሁ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ኢንቦክስ ጻፉልኝ። «ልጄ፣ ያንን ነገር አጥፋልኝ።» ያ ነገር ከሁለት ዓመት በፊት የለጠፍኩት የእርዳታ ጥሪ ነው። የልጃቸው ሕመም፣ ከነስሙ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። ልጁ ድኗል፣ አሁን ሥራ እየፈለገ ነው። ወዲያው ሰረዝኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው፣ ሕመሙን ያን ያህል መዘርዘር አልነበረብኝም። ቀጥለው ግን «ከዚያ ከሚያወራው ማሽንም ላይ አጥፋው» ሲሉኝ (ኤአይን ማለታቸው ነው) መልስ አጣሁ።

ክፍት የቴሌግራም ቻናል አፑን ላልጫነ ሰውም በድረ ገጽ ይነበባል። ለኤአይ ማሰልጠኛ ኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች ሰብስበውት እንደሆነ እኔም እሳቸውም አናውቅም።

ቡናን አስቡት። በጆንያው እስካለ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ከሌላው ተደባልቆ፣ ተቆልቶ፣ ከተፈጨ በኋላ ግን «የኔን መልስልኝ» ቢሉ ማን ይለየዋል? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር የኛ አካባቢ ቡና «ለቀምት» በሚለው የከተማችን የድሮ ስም በየደረጃው ተመድቦ ይሸጥ ነበር፤ የውጭ ገዢዎች የየትኛው ገበሬ እንደሆነ ጠፋብን ብለው ያማረሩት ያኔ ነው። ኤአይም ጽሑፋችንን በፋይል አያስቀምጥም፣ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ ያደባልቀዋል። ክፋቱ፣ ደጋግሞ ያገኘውን አንዳንዴ ቃል በቃል ይሸመድዳል። የእርዳታ ጥሪ ደግሞ ሥራው ከቻናል ቻናል ሼር መደረግ ነው።

ማስረሳት ይቻላል? እርግጠኛው መንገድ ያንን ጽሑፍ አውጥቶ ሞዴሉን ከዜሮ ማሰልጠን ነው፤ ወጪው አይቀመስም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሌላ ዘዴ አለ፦ ዳታውን ገና ሲጀመር በየጆንያው ለይቶ ማሰልጠን፣ ይሰረዝ ሲባል ያንን ጆንያ ብቻ እንደገና መሥራት። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ግን የሚቀላቸው ማሽኑ የሰውየውን ስም እንዳይጠራ መከልከል ነው። ይህ አፍ መለጎም እንጂ መርሳት አይደለም።

የኛ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ዳታው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መብቱ ለባንክ መዝገብ ይሠራል። ለተፈጨው ቡናስ? አሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ኤቨራልበም የተባለው የፎቶ አፕ ድርጅት ፎቶዎቹን ብቻ ሳይሆን በእነሱ የሠራውን የፊት መለያ ሞዴልም እንዲያጠፋ አዛለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ከዚያ በፊት ድርጅቶች ምን እንደሰበሰቡ መዝገብ እንዲይዙ ይገደዱ። መዝገብ ከሌለ ምኑ ይሰረዛል?

በአንድ ነገር ግን አመነታለሁ። ከ300 በላይ ቋንቋዎችን የያዘ፣ ከይሖዋ ምሥክሮች ድረ ገጽ የተሰበሰበ የትርጉም ስብስብ ነበር። ለአፍሪካ ቋንቋዎች መተርጎሚያ ለሚሠሩ ልጆች ሲሳይ ነበር፤ ባለቤቶቹ አልፈቀዱምና ከስርጭት ወጣ። መብታቸው ነው። ግን ጽሑፉ ጥቂት በሆነ ቋንቋ አንድ ጆንያ ሲወጣ ጎተራው ይጎድላል። በዚያው ልክ አንድ ሰው ጥቂት ጽሑፍ መሐል ቶሎ ይለያል።

ለእናትየው እንዲህ አልኳቸው፦ «ከኔ ዘንድ ጠፍቷል፣ ከማሽኑ ማጥፋት አልችልም።» «እንግዲህ ሌላው እንዳይደርስበት» አሉኝ።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቻናል የሕመም ዝርዝር አይለጠፍም፤ የስልክ ቁጥር በኢንቦክስ ብቻ። የእርዳታ ጥሪ ከሰባት ቀን በኋላ ይነሳል። የቆየ ማስታወቂያችሁ እንዲሰረዝ የምትፈልጉ፣ ሊንኩን ላኩልኝ።