ከደሴ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፦ ርቀቱ፣ ሰዓቱና የመንገደኛው ሶላት

ከደሴ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ብዙ ሰው «አንድ ሰዓት» ብሎ ይመልሳል። በረራው በእርግጥ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ጉዞው ግን ይረዝማል። በተለይ ከቦሌ ወደ ጅዳ ለሚቀጥል የዑምራ ተጓዥ ይህን ሳያሰሉ መነሳት በረራ ያስመልጣል።

ርቀቱ

ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። መንገደኛው የሚሳፈረው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ኮምቦልቻ ነው። ከኮምቦልቻ ቦሌ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ግን በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማበርና በደብረ ብርሃን ዞሮ ከደሴ አዲስ አበባ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ሰዓቱ

በሀገር ውስጥ መስመር የሚበረው ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት 250 ኪሎ ሜትር በ25 ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። ሆኖም መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙ፣ ዝቅ ማለቱና ማረፉ ሲጨመር ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል።

ሙሉ ጉዞው እንዲህ ይሰላል፦

- ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኤርፖርት መድረስ፦ እስከ 1 ሰዓት
- ፍተሻና ጥበቃ፦ እስከ 2 ሰዓት
- በረራ፦ 1 ሰዓት ገደማ
- ሻንጣ ተቀብሎ ከተማ መግባት፦ 1 ሰዓት

ድምሩ 5 ሰዓት ነው። አውቶቡስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አውሮፕላን የሚያተርፈው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያህል ነው። በክረምት ደግሞ ደመናና ጉም በረራ ሊያዘገዩ ይችላሉ።

ወደ ጅዳ ለሚቀጥሉ

ከአዲስ አበባ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በረራው ከ2 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ነው። ሚቃት የሚታለፈው በአየር ላይ ስለሆነና በረራው አጭር ስለሆነ ኢሕራሙን ቦሌ ላይ ለብሶ መሳፈር ይቀላል። ከደሴ የሚነሳ ሰው በዋዜማው አዲስ አበባ ቢገባ ይመረጣል።

ሶላትን ማሳጠር

«በአንድ ሰዓት የሚደርስ ሰው ሙሳፊር ይባላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መለኪያው የጉዞው ርቀት እንጂ የፈጀው ሰዓት አይደለም። ብዙ ዑለማዎች መነሻውን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ያደርጉታል፤ ደሴ–አዲስ አበባ በአየርም በመኪናም ከዚያ ያልፋል።

ደሴ–ኮምቦልቻ ብቻውን ይህን አይሞላም። ነገር ግን አዲስ አበባን ነይቶ የወጣ ሰው ከደሴ ክልል ካለፈ በኋላ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ላይ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ማሳጠር ይችላል። ሲመለስም ደሴ እስኪገባ ድረስ ሙሳፊር ነው። በደረሰበት ከተማ የሚቆይበት የቀን ብዛት ግን በመዝሀቦች ስለሚለያይ የአካባቢውን ዓሊም መጠየቅ ይገባል።