ስለ አገራችን ባለመድኃኒቶችና ስለ ሥራቸው

በዚህ በዲማ የሚኖር ሰው ሲታመም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወዴት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙዎች ሳያፍሩ «ወደ ጓሮ ነው» ይሉአችኋል። ለምች ዳማ ከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በየጓሮውና በየጓዳው ይገኛልና። ጓሮው ያልፈወሰው እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ባለመድኃኒት ይኬዳል። ስለዚህ ባለመድኃኒት ምን እንደሚሠራ፣ ምንስ እንደማይሠራ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎችም ለወላጆቻችንም የሚጠቅም ጉዳይ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት በቤታችን የደረሰው ነገር ነው። ታናሽ ወንድሜን ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ባቱን ነከሰው። እናቴ ልጁን አዝላ በመድኃኒት አዋቂነታቸው ስመ ጥር ወደ ሆኑ አንድ መሪጌታ ቤት ሮጠች፤ እኔም ተከተልኋት። መሪጌታው ቁስሉን አዩና ውሻው ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ለሃጩ ይዝረከረክ እንደ ሆነ፣ ሌላ ሰው ወይም ከብት ነክሶ እንደ ሆነ አንድ በአንድ ጠየቁን። ከዚያ ውኃና ሳሙና አስመጥተው ቁስሉን እጅግ ረዥም ጊዜ አሳጠቡት። እናቴ «የኔታ፣ መድኃኒቱን ይስጡልኝ እንጂ!» ብላ ብትለምናቸው፣ «ልጄ፣ ይህ የእኔ አይደለም፤ ሳይመሽ ሐኪም ቤት አድርሺው፣ መርፌውን ይወጋ» ብለው መለሱላት። አንዲት ቅጠል አልሰጡንም፤ ገንዘብም አልተቀበሉንም። ወንድሜ መርፌውን በየቀጠሮው ጨርሶ ዛሬ በደኅና አራተኛ ክፍል ይማራል።

እናቴ ግን ያን ዕለት መንገዱን ሁሉ ተቈጥታ ነበር። «መድኃኒቱን ደበቁን» ትል ነበር። ምክንያቱም የውሻ መድኃኒት ጠጥተው የዳኑ ሰዎች መኖራቸውን አገር ሁሉ ያወራል። ወሬውም ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሚናከስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እብድ ውሻ የነከሰው ሰውም ሁሉ አይታመምም። እንግዲህ ቀድሞውንም የማይታመመው ሰው ቅጠሉን ጠጥቶ ጤነኛ ሲሆን ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። በሽታው ደግሞ ከነከሳው በኋላ ሳምንታትና ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በመጨረሻም ሕመምተኛው ውኃ ሲያይ መፍራት ከጀመረ ቅጠልም ሐኪምም አያድነውም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ የመሪጌታው «የእኔ አይደለም» ማለት ከብዙ ቅጠል የበለጠ ዕውቀት መሆኑ ገባኝ።

በእኛ አገር ባለመድኃኒት ተብሎ የሚጠራው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ሥርና ቅጠል የሚቀምመው አለ፤ የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው ወጌሻ አለ፤ በዋግምት ደም የሚያወጣው አለ፤ አዋላጅም አለች። ከቤተ ክህነት ትምህርት ጋር የዕፅ ዕውቀት የያዙ ደብተራዎችም አሉ። ዲማ በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ አገር ስለ ሆነ እነዚህን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ በጥሩ ወጌሻ እጅ የዳነ ስብራት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ማሰሪያው ጠብቆ ጣቶች ከቀዘቀዙና ከጠቈሩ፣ ታግሦ መጠበቅ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል።

እንዲህ ያለ ሕክምና ያለው በእኛ ዘንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጀርመን አገር ሴባስቲያን ክናይፕ የሚባል ቄስ (እ.ኤ.አ. 1821–1897) በወጣትነቱ ሳንባውን ታሞ በዳኑብ ወንዝ ቀዝቃዛ ውኃ እየታጠበ ዳንሁ ብሎ፣ በኋላ ብዙ ሕዝብ በውኃ፣ በዕፅና ቀላል ምግብ በማስበላት ያክም ነበር። የእርሱ ተከታይ የነበረው ቤኔዲክት ሉስት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1901 በኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሕክምናውም ናቱሮፓቲ ተባለ። የዚህ ሙያ ሰዎች አካል ራሱን የማዳን ኀይል አለው ይላሉ፤ ሕመምተኛውንም ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ኑሮው ረዥም ጊዜ ይጠይቁታል። ጠያቂነታቸው ይመሰገናል። ከሚሰጡት መድኃኒት ብዙው ግን ተፈትኖ ያልተረጋገጠ ስለ ሆነ የዘመኑ ሐኪሞች ይነቅፉአቸዋል። በዚህ ነገር የእኛው ባለመድኃኒትና እነርሱ ወንድማማቾች ናቸው።

አሁን የምናውቀውን ኮሶን እንመልከት። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው የኮሶ ትል ሊያድርበት ይችላል፤ የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣሩ ወደ ከብቱ፣ ከከብቱም ሥጋ ተመልሶ ወደ ሰው ይገባልና። መድኃኒቱ በደጋ የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ ነው። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ተበጥብጦም በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱን የቀመሰ ያውቀዋል! አበባው ትሉን ያደነዝዘዋል፤ ሆድንም ያስቀምጣል፤ ትሉም ተጠርጎ ይወጣል። ራሱ ካልወጣ ግን እንደ ገና ያድጋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚህ ዛፍ ጽፎአል፤ በኋላም የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ኮሶ እውነተኛ መድኃኒት መሆኑን የሚክድ የለም።

ችግሩ መጠኑ ነው። «አንድ እፍኝ» ይባላል፤ የማን እፍኝ? የገበሬ እፍኝና የልጅ እፍኝ አንድ ነውን? ደግሞ የዘንድሮ አበባ ኀይለኛ ነው፤ ብዙ የቆየው ይደክማል። ስለዚህ አሮጌ አበባ የለመደ ሰው በዚያው እፍኝ አዲሱን ቢጠጣ ከልክ ያልፋል፤ ከልክ ያለፈ ኮሶ ደግሞ ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ በሐኪም ቤት የሚሰጠው የትል ኪኒን ከኮሶ የሚበልጠው ከባሕር ማዶ ስለ መጣ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው መጠን የታወቀ ስለ ሆነ ነው።

ታዲያ መጠኑ እስከ ዛሬ ለምን አልተለካም? አንዱ ምክንያት ምስጢር ነው። ባለመድኃኒት ዕውቀቱን ለሚወደው አንድ ልጁ ይነግራል፤ ልጁ ከሞተ ወይም ከተማ ከገባ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ዕፀ ደብዳቤ የሚባሉ የብራና መጻሕፍት ቢኖሩም ለሁሉ አይገለጡም። በፖላንድ የተወለደው ስቴፋን ስትሬልሲን የአገራችንን የመድኃኒት ጽሑፎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1968 በዋርሶ አሳተመ፤ የእኛን ቅጠል ስም በዋርሶ መፈለግ ለእኔ ትንሽ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአገራችን የጤና ፖሊሲ የባህል መድኃኒት እንዲጠናና ጠቃሚው ከዘመናዊው ጋር ቀስ በቀስ እንዲቀናጅ ይላል፤ የተደበቀን ነገር ማጥናት ግን አስቸጋሪ ነው።

ያልተደበቀ ዕውቀት ምን እንደሚሆን እንዶድ ያሳየናል። ልብስ ማጠቢያነቱን ሴቶች ሁሉ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ነውና ነገሩን በቤተ ሙከራ መርምሮ በስንት መጠን እንደሚገድል ለካ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ያው እንዶድ ቢጠጣ መርዝ መሆኑን ግን አትርሱ።

ከውሻው ነገር በኋላ ወደ መሪጌታው ቤት ተመልሼ የሚያውቁትን ዕፅ እንዲያጽፉኝ ለመንኋቸው። አስቀድመው ሣቁ፤ ቀጥለው «ስሙንና መልኩን ልንገርህ፤ አቀማመሙን ግን ልጄ ከከተማ ሲመጣ ከእርሱ ጋር እንነጋገርበታለን» አሉኝ። በሦስት ቅዳሜ አሥራ አንድ ዕፅ አሳዩኝ። ዘጠኙን በደብተሬ ገጾች መካከል አድርቄ ከነስማቸው ለሳይንስ መምህራችን አሳይቻለሁ። ሁለቱ አበባቸው ለመስከረም ስለ ሆነ ገጾቻቸው ባዶ ናቸው።