በሰው ማሳ ላይ የሚያልፍ መብት፦ የእንግሊዝ ጥንታዊ መንደሮችና የእግር መንገዶቻቸው

ስለ እንግሊዝ ገጠር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ውበቱ ነው፤ የሳር ክዳን ቤት፣ የድንጋይ ካብ፣ አረንጓዴ መስክ፣ የበግ መንጋ። ለእግረኛ ግን ከውበቱ የሚቀድም ነገር አለ፤ መብት። ከመንደር መንደር የሚያደርሱት ቀጫጭን መንገዶች አብዛኞቹ የሚያልፉት በግል መሬት ላይ ነው፤ በገበሬ ማሳ መሀል፣ አንዳንዴም በሰው ጓሮ ጥግ። ያም ሆኖ ባለመሬቱ መንገደኛውን «ተመለስ» ሊለው አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ የመተላለፍ መብት ያለባቸው መንገዶች ሲደማመሩ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። መንገዶቹ ከየት መጡ? እንዴትስ ከመዘጋት ተረፉ? (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኞቹን መንገዶች ማንም ለሽርሽር ብሎ አልቀየሳቸውም። ገበሬ ወደ ማሳው፣ እህል የተሸከመ ወደ ውሃ ወፍጮ፣ ምእመን ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ነጋዴ ወደ ገበያ ሲመላለስ የወጡ ናቸው። በሰሜን እንግሊዝ በስዌልዴል ሸለቆ ከኬልድ መንደር እስከ ግሪንተን የሚዘልቀው 26 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ የሬሳ መንገድ ነበር። በ1580 ሙከር የሚባለው መንደር የራሱን ቤተ ክርስቲያንና መቃብር እስኪያገኝ ድረስ የላይኛው ሸለቆ ነዋሪ ሬሳውን እየተቀባበለ ተሸክሞ ግሪንተን ድረስ ወርዶ ይቀብር ነበር። ዛሬ በዚያው መስመር የሚሄደው በጀርባው ስንቅና የዝናብ ልብስ ያዘለ ተጓዥ ነው።

ሕጉም የቆመው በዚህ ልማድ ላይ ነው። ሕዝብ በአንድ መንገድ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ሳይደበቅና ሳይከለከል 20 ዓመት ከተመላለሰበት፣ ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ የመስጠት ሐሳብ እንዳልነበረው ካላስረዳ በቀር፣ እንደሰጠ ይቆጠራል። አንዴ የሕዝብ መንገድ የሆነም በሕግ አግባብ እስካልተዘጋ ድረስ የሕዝብ እንደሆነ ይቀራል፤ ሰው ስለተወው ብቻ መብቱ አይሞትም።

ይህ ማለት ግን መንገዶቹ ያለ ትግል ተረፉ ማለት አይደለም። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ፓርላማው ከ5,200 በላይ የማጠሪያ ሕጎች አውጥቷል። መንደርተኛው ከብቱን የሚያሰማራበት፣ እንጨት የሚለቅምበት የወል መሬት በእነዚህ ሕጎች እየተከፋፈለ በግል እጅ ገባ። በ1815 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ሁለት ዳኞች ከተስማሙ አንድን መንገድ «አያስፈልግም» ብለው እንዲዘጉ ፈቀደ። ዳኞቹ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ባለመሬቶች ስለነበሩ ውጤቱን መገመት አይከብድም። ቁጣው ግን ብዙ አልዘገየም፤ በ1824 በዮርክ፣ በ1826 በማንቸስተር የእግር መንገድ ተከላካይ ማኅበራት ተቋቋሙ።

በትግሉ ውስጥ ስም ያተረፈው ቀን ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ነው። የማንቸስተርና የአካባቢው የፋብሪካ ሠራተኞች እሑድ እሑድ ከጭሱ ሸሽተው መተንፈስ ይፈልጋሉ፤ ከበላያቸው ያለው የኪንደር ስካውት ገላጣ ተራራ ግን መኳንንት ወፍ የሚያድኑበት ስለሆነ ዝግ ነው። በዚያ ቀን በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በ20 ዓመቱ ቤኒ ሮትማን መሪነት ከሄይፊልድ መንደር ተነስተው ሆን ብለው ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ከጠባቂዎች ጋር ግብግብ ተፈጠረ። ስድስት ሰዎች ታሰሩ፤ አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ፍርዱ ከጥሰቱ ይልቅ ሕዝብን አስቆጣ። ከ70 ዓመት በኋላ በ2002 የዴቮንሻየሩ መስፍን ከባለመሬቶቹ አንዱ የነበረው አያቱ የፈጸመውን ድርጊት ጠቅሶ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ።

ሕግ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የ1949ኙ አዋጅ ብሔራዊ ፓርኮችን ከማቋቋሙም በላይ የየአውራጃው ምክር ቤት በክልሉ ያሉትን የሕዝብ መንገዶች በካርታ መዝግቦ እንዲይዝ አስገደደ። በዚህ ካርታ የሰፈረ መንገድ በፍርድ ቤት የማያሻማ ማስረጃ ነው። በ1951 ኪንደር ስካውት ያለበት ፒክ ዲስትሪክት የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1965 ከኢዴል መንደር ተነስቶ ስኮትላንድ ድንበር ማዶ የሚደርሰው 431 ኪሎ ሜትሩ የፔናይን መንገድ ተከፈተ። በ2000 የወጣው አዋጅ ደግሞ በተራራ፣ በገላጣ ደጋና በተመዘገበ የወል መሬት ላይ መንገድ ሳይከተሉ መዘዋወርን ፈቀደ፤ ይህ ግን ከእንግሊዝ መሬት 8 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል። በቀረው ምድር እግረኛው መብት ያለው በመንገዱ ላይ ብቻ ነው።

መሬት ላይ ይህ ሁሉ ሕግ የሚታየው በትንንሽ ነገር ነው። በአጥር ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ቢጫ ቀስት ለእግረኛ ብቻ ማለት ነው፤ ሰማያዊው ፈረሰኛንና ብስክሌትንም ይጨምራል። ካቡ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ሰው የሚወጣበት፣ በግ የማይወጣበት የድንጋይ ወይም የእንጨት እርከን ይሠራል። ገበሬው መንገድ የሚያልፍበትን ማሳ ማረስ ይችላል፤ ነገር ግን ለዘር ባረሰ በ14 ቀን ውስጥ መንገዱን መልሶ ደልድሎ ማሳየት አለበት። ማሳ ለሚያቋርጥ የእግር መንገድ ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ስፋት 1 ሜትር ነው። ስንዴው ሲያሸት ተጓዡ በሁለት ወገን እስከ ወገቡ በሚደርስ እህል መሀል በዚያች አንድ ሜትር ይሄዳል፤ አንዲት ዘለላ መርገጥ አያስፈልገውም። አቅጣጫውን የሚነግረው በብዛት 1፡25,000 የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ነው፤ በእሱ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ሲሆን የሕዝብ መንገድ በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ይታያል።

ከረጃጅሞቹ የእግር ጉዞ መስመሮች ሁሉ በመንደሮቹ የታወቀው የኮትስዎልድ መንገድ ነው፤ ከቺፒንግ ካምደን እስከ ባዝ ከተማ 164 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የኮትስዎልድ ኮረብታ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ቤቱም ካቡም ቤተ ክርስቲያኑም አንድ ዓይነት የማር ቀለም አለው። ሀብቱ የመጣው ከበግ ነው። በመካከለኛው ዘመን የዚህ አካባቢ ሱፍ አውሮፓ ድረስ ይሸጥ ስለነበር ነጋዴዎቹ ለትንንሽ መንደሮች ትልልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ከዋናው መስመር ወጣ ብላ በምትገኘው ቢበሪ ያለው የአርሊንግተን ረድፍ በ1380 ገደማ የገዳም ሱፍ ማከማቻ ሆኖ ተሠርቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔዎች መኖሪያ ሆኗል። የመስመሩን መድረሻ ባዝን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በሌላ ታሪክ ያውቃታል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ የስደት ዓመታቸውን ያሳለፉበት ፌርፊልድ ሃውስ በዚያች ከተማ ምዕራባዊ ዳር ይገኛል።

የፒክ ዲስትሪክቷ ኢያም የምትታወቀው ግን በሐዘን ነው። በ1665 ከለንደን በመጣ ጨርቅ ቸነፈር ገባባት። በቀጣዩ ዓመት ቄሱ ዊልያም ሞምፔሰን በሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት መንደርተኛው ከክልሉ እንዳይወጣ አግባባ። በ14 ወር ውስጥ 260 ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ ኤልዛቤት ሃንኮክ የተባለች ሴት ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ በእጇ ቀበረች። ከኢያም ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ ስድስት ጉድጓድ ያለበት ድንጋይ አለ። መንደርተኛው በአቼቶ የተነከረ ሳንቲም በጉድጓዶቹ ያስቀምጥ ነበር፤ የጎረቤት ሰው ምግብ ትቶለት ሳንቲሙን ይዞ ይሄዳል። ይህን ታሪክ ከመኪና መስኮት ማየት አይቻልም፤ ድንጋዩ ያለው መንገዱ ላይ ነውና።

በደቡብ ጠመኔያማው ሸንተረር ላይ የሚሄደው የሪጅዌይ መንገድ 139 ኪሎ ሜትር ነው፤ መነሻው ከጥንታዊ የድንጋይ ክበብ ውስጥ ከተቆረቆረችው ከኤቭበሪ መንደር አጠገብ ነው። በዮርክሻየር ደግሞ ሌላ የእግር መንገድ ነዋሪ ወደሌላት ዋራም ፐርሲ መንደር ይወስዳል፤ ከመንደሯ ጎልቶ የቆመው ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ቤቶቹ በሳሩ ላይ የጉብታ መስመር ሆነው ቀርተዋል።

የዛሬው ችግር ሁለት ገጽ አለው። እንደ ቢበሪ ያሉት በአውቶቡስ በሚመጣ ጎብኚ ሲጨናነቁ፣ አብዛኛው ሰው ፎቶ አንስቶ ሲመለስ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ራቅ ያለው መንገድ በእሾህ ይዋጣል። በሌላ በኩል በካርታ ያልተመዘገቡ ጥንታዊ መንገዶች አሉ። የ2000ው አዋጅ እነዚህን ለማስመዝገብ የሰጠው ጊዜ በ2026 መጀመሪያ እንዲያበቃ ነበር፤ ኋላ እስከ 2031 ተራዘመ፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ መንግሥት ገደቡን ጨርሶ እንደሚያነሳ አስታወቀ። በጎ ፈቃደኞች አሁንም በየመዝገብ ቤቱ አሮጌ ካርታ ያገላብጣሉ። ከሚተማመኑባቸው ማስረጃዎች አንዱ የማጠሪያው ዘመን ሰነድ ነው፤ የወል መሬቱን የሸነሸኑት ቀያሾች የትኛው መንገድ ለሕዝብ እንደሚቀር በስፋቱ ጭምር ጽፈዋልና። ድሃውን ከመሬቱ ያስወጣው ወረቀት ዛሬ የልጅ ልጆቹን መንገድ ያስከፍታል።