ስለ ባሕር ዳር ነጭ አበባ አስተዳደግ

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር፣ በአሸዋ ላይ የሚበቅል፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ፓንክራቲዩም ማሪቲሙም፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎችም ሐቫጼሌት ሀሖፍ የሚሉት አንድ ነጭ አበባ አለ። በአሽዶድ፣ በአሽቀሎንና በነታንያ የሚኖሩ ወገኖቻችን አደይን በሚናፍቁበት በመስከረም ወር ይህ አበባ በአቅራቢያቸው ፈክቶ ይገኛል። ተክሉን በግቢው ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ይልቁንም ምን ማድረግ እንደሌለበት በአጭሩ እንገልጻለን።

ተክሉ ጨውን፣ ድርቅንና የቀትር ፀሐይን የሚችልበት ምሥጢር ከመሬት በታች ነው። እንደ ሽንኩርት ድርብርብ የሆነው ራሱ በአሸዋው ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል፤ ሥሮቹም እየተኰማተሩ ወደ ታች ይስቡታል። (መልኩ ሽንኩርት ቢመስልም መርዝነት ስላለው ከወጥ ቤት ይራቅ።) በዚያ አገር ዝናም የሚጥለው በይበልጥ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ቅጠሉ በእነዚህ ወራት አድጎ ምግብ ያከማቻል፤ በበጋው ሐሩር ይደርቃል፤ አበባውም በነሐሴ ገደማ ከደረቀው አሸዋ ብቅ ይላል።

እንግዲህ ይህን ተክል የሚጎዳው ቸልታ ሳይሆን የበዛ እንክብካቤ ነው። እኛ ራሳችን በሸክላ ከተከልናቸው ሦስት ራሶች ሁለቱ የበሰበሱት፣ በሐምሌ አዝነንላቸው ውሃ ስላጠጣናቸው ነው። ፀሐይ ሙሉ ቀን የሚያገኘው ቦታ ይመረጥ፤ ፍግ አይጨመርበት፤ ራሱም ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ጠልቆ በአሸዋ ይቀበር።

ከባሕር ዳር ቆፍሮ ማምጣት ግን ፈጽሞ አይገባም። አሸዋማው ዳርቻ በሕንፃና በመንገድ እየተያዘ ሲሄድ የተክሉም መኖሪያ ጠቧል፤ በእስራኤልም በሕግ ከተጠበቁት የዱር አበቦች አንዱ ነው። ዘሩን ወይም ራሱን ከችግኝ ሻጭ መግዛት ይቻላል። ዘሩ ጥቁርና ቀላል፣ የከሰል ፍርፋሪ የሚመስል፣ በባሕር ላይም የሚንሳፈፍ ነው። በመከር ከተዘራ ቶሎ ይበቅላል፤ ለማበብ ግን ሦስት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል።

ግቢ ከባሕር ዳር የሚሻልበት አንድ ነገርም አለ። አበባው ወደ ማታ ተከፍቶ ሽታው የሚጠራው ትልልቅ የእሳት እራቶችን ነው። አይሲኮቪችና ጋሊል በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ ነፋሱ በሴኮንድ ከ2 ሜትር ገደማ ከበለጠ እራቶቹ አበባውን አይጎበኙም። ስለዚህ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ የሚከልል ዝቅተኛ ግንብ ካለ፣ ፀሐይ እስካልከለከለ ድረስ፣ ከጥጉ መትከል ይበጃል።