ቬንትሌተሩን አታጥፉት

የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ሥራው አጭር ነው፤ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ አጉልቶ ወደ ቁጥር ይለውጥና ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ብዙዎቹ ላይ «ኢንስት» የሚል ቁልፍ አለ። ጊታር ሲሰካ ይጫን፤ አለበለዚያ ድምፁ ይደነዝዛል። ይኼ በቂ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቬንትሌተር ነገር ነው። መጋቢት ላይ የጋምቤላ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ በር ዘግቶ፣ ቬንትሌተር አጥፍቶ፣ ላቡ ክሩ ላይ እየተንጠባጠበ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚቀዳ ልጅ አይቻለሁ። ለምን አጠፋኸው ስለው «ድምፁ ይገባብኛላ!» አለኝ። በምን በኩል? ማይክ የለም፤ ገመዱ ከጊታሩ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርዱ ገብቷል። ፒክአፕ ማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የብረቱ ክር አጠገቡ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የነፋስ ሹክሹክታም ሆነ የባጃጅ ጥሩምባ አይመለከተውም።

ሆኖም ልጁ ጨርሶ አልሳተም። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ የቬንትሌተሩ ሞተር ዙሪያ አብሮ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል አለ። እሱን ፒክአፑ «እምምም» አድርጎ ይቀዳዋል፤ በተለይ ባለ አንድ ጥቅል ከሆነ። መድኃኒቱ ግን ማራቅ ነው፤ የማግኔት ኃይሉ ከርቀት ጋር ቶሎ ይዳከማል። ከዚያ ጣቢያ እንደሚፈልግ የሬዲዮ አድማጭ ጊታሩን ይዞ ቀስ ብሎ መዞር ነው፤ እምምታው በጣም የሚቀንስበት አቅጣጫ ይገኛል። የጊታር ሠሪው የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. ሃምበከርን የሠራውም ለዚሁ ጣጣ ነው፦ ሁለት ጥቅሎች በተቃራኒ ተገናኝተው የውጭውን እምምታ እርስ በርስ ያጣፉታል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የሚያማርሩ ሰዎች ይገርሙኛል። ትንንሾቹ ሳውንድ ካርዶች ከላፕቶፑ በሚያገኙት 5 ቮልት ይሠራሉ። ቻርጀሩም ሞተሩም ዝም ሲሉ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ የጠራ ቅጂ የት ይገኛል?

ቶም ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። አኙዋኮች በአውራ ጣት የሚጫወቱት ይህ ባለ ብረት ምላስ የእንጨት ሣጥን ፒክአፕ የለውም፤ የሚቀዳው በማይክ ነው፤ ማይክ ደግሞ ነፋሱን ሁሉ ይሰማል። ያኔ ቬንትሌተሩ ይጥፋ፤ ቀረጻውም ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ይጠናቀቅ።